የመዋቢያ ጠረጴዛ፦ አሮጌውን መመርመር፣ አዲሱን መምረጥ፣ ሁለቱንም በልካቸው ማስቀመጥ

የመዋቢያ ጠረጴዛ ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው። ፍሬሙ ያምራል፣ እጀታዎቹ ያብረቀርቃሉ፣ ዋጋውም ይስማማል። ቤት ገብቶ ሲቀመጡበት ግን ጉልበት ከመሳቢያው ጋር ይጋጫል፣ ፊትም ጥላ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለው ጠረጴዛ ብዙም ሳይቆይ የልብስ መከመሪያ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው የሚቀመጥበት ሰውና ፊቱ ላይ የሚወድቀው ብርሃን ነው፤ የዕቃው ዕድሜና ጌጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለት መቶ ዓመት የሞላው ጠረጴዛም ሆነ በካርቶን ታሽጎ የመጣው አዲስ በዚህ ረገድ ፈተናቸው አንድ ነው።

1. ቦታውን በብርሃን ምረጡ

ብዙ ጊዜ በምትዋቡበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ግቡ። ማለዳ የሚዘጋጅ ሰው የከሰዓቱን ብርሃን አይቶ ቦታ መምረጥ የለበትም። የእጅ መስታወት ይዛችሁ ጠረጴዛው ሊቆምባቸው የሚችሉ ቦታዎች ላይ ሁሉ ወንበር እያደረጋችሁ ተቀመጡና ፊታችሁን እዩ። ከሁሉ የሚሻለው መስኮቱ ከፊት ለፊታችሁ፣ ወይም ከፊት ሆኖ ትንሽ ወደ ጎን ያለበት ቦታ ነው። መስኮቱ ከጀርባ ከሆነ ፊት ይጨልማል፤ መስታወቱም የውጭውን ብርሃን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ያሳርፈዋል። ሙሉ በሙሉ ከጎን ከሆነ ደግሞ ግማሽ ፊት ይበራና ግማሹ ይቀራል፤ ይህኛው ግን በሌላው ወገን መብራት በመትከል የሚስተካከል ነው።

ጥሩ ብርሃን ስል ቀጥተኛ ፀሐይ ማለቴ አይደለም። ፀሐይ የእንጨቱን ቀለም ታደበዝዛለች፣ የቆየ ቫርኒሽ ትሰነጥቃለች፣ ክሬምና ሽቶም ታበላሻለች። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ፊትን አጉልቶ የሚያሳየው ትንሹ መስታወት ነው። ወደ ውስጥ የጎደጎደ በመሆኑ የፀሐይን ጨረር አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ መጋረጃ ወይም ልብስ ሊያቀጣጥል ይችላል። በዚህ ምክንያት የተነሱ የቤት ቃጠሎዎች አሉ። ተጠቅማችሁበት ስታበቁ ወይ ሸፍኑት ወይ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት።

ከማሞቂያና ከሚያረጥብ ግድግዳም አርቁት፤ በተለይ አሮጌ እንጨት ድንገተኛ የሙቀትና የእርጥበት ለውጥ አይወድም። ከመቀመጫው ጀርባ ደግሞ ተነስቶ ለመውጣት ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይቅር።

2. ሰውነታችሁን ለኩ

እግራችሁ ወለሉን ሙሉ በሙሉ በሚረግጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡና ሰው ሦስት ነገር ይለካላችሁ፦ ከወለል እስከ ጭናችሁ የላይኛው ክፍል፣ ከወለል እስከ ክርናችሁ፣ ከወለል እስከ ዓይናችሁ። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለግዢ ስትወጡ ያዙ።

የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስትጨምሩ የጠረጴዛው ሆድ፣ ማለትም የመሃለኛው መሳቢያ የታችኛው ጠርዝ፣ ከዚያ ዝቅ ማለት እንደሌለበት ታውቃላችሁ። ሁለተኛው የጠረጴዛውን ፊት ከፍታ ይነግራችኋል፤ ኩል ወይም ሊፒስቲክ ስትቀቡ ክርናችሁን የምታሳርፉበት ስለሆነ ከክርን እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። በተለምዶ የጠረጴዛው ፊት ከ71 እስከ 76፣ መቀመጫው ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለጉልበት የሚተወው ክፍት ቦታ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመቻል፤ ከ50 ካነሰ ግን እግር እንደ ልብ አይንቀሳቀስም።

ሦስተኛው ቁጥር የመስታወቱ ነው። የመስታወቱ መካከል ከዓይናችሁ ጋር ይገጣጠም። ስለ መጠኑ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጠፍጣፋ መስታወት ውስጥ ራሳችሁን ለማየት የሚያስፈልገው ቁመት ልታዩት ከምትፈልጉት የሰውነት ክፍል ግማሽ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ብትሸሹም ይህ ልክ አይለወጥም። ከራስ ፀጉር እስከ ደረት ያለው 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በትክክል የተሰቀለ 30 ሴንቲ ሜትር መስታወት ያሳያል። ለማዘንበልና ዞር ለማለት ጨምሩበትና 50 ይበቃል። ስለዚህ መስታወቱ ትንሽ ነው ብላችሁ ጥሩ ጠረጴዛ አትለፉ።

የጠረጴዛው ጥልቀት ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፊታችሁ ከመስታወቱ ብዙ አይርቅም። በጣም ጥልቅ የሆነ ጠረጴዛ ላይ ለቅንድብ ሥራ ጎንበስ ብሎ መንጠራራት ግድ ነው፤ ወገብ ያሳምማል።

3. የትኛው ዘመን ይስማማችኋል?

በንግዱ ዓለም ልማድ ጥንታዊ ወይም አንቲክ የሚባለው 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ቪንቴጅ የሚባለው ከዚያ ያነሰ፣ ግን ቢያንስ ጥቂት አሥርት ዓመታት ያስቆጠረ ሲሆን ድንበሩ እንደ ሻጩ ይለያያል። ሻጭ «አንቲክ ነው» ሲል ስንት ዓመቱ እንደሆነና ይህን በምን እንዳወቀ ጠይቁት።

ይህ የቤት ዕቃ የራሱን ቅርጽ ይዞ የጎለመሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በተለይ በፈረንሳይ ነው። የዚያ ዘመን ጠረጴዛ ላዩ ለሦስት የተከፈለ ክዳን ሆኖ መካከለኛው ከፍ ሲል ከሥሩ መስታወት ይወጣል፤ የጎኖቹ ሲከፈቱ ደግሞ የፓውደርና የሽቶ ማስቀመጫ ይገለጣል። ሲዘጋ ተራ ጠረጴዛ ነው። የዚህ ጥበብ ጫፍ የሚባለው የቤት ዕቃ ሠሪው ዣን ፍራንስዋ ኦበን በ1760ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ወዳጅ ለማዳም ደ ፖምፓዱር የሠራው ጠረጴዛ ሲሆን አሁን በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። መሳቢያው ወደ ፊት ሲሳብ የጠረጴዛው ፊት በራሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዛሬ ለጠባብ ክፍል የሚሸጡት ክዳን ያላቸው ጠረጴዛዎች ከዚህ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባድ ነው፦ ማሆጋኒ ወይም ዋልነት፣ ከጠረጴዛው ጋር የተያያዘና ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዘነብል ትልቅ መስታወት፣ ብዙ መሳቢያ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ፣ አርት ዲኮ በተባለው የጌጥ ስልት ዘመን፣ ትልቅ ክብ መስታወት ወይም ሦስት ክንፍ ያለው መስታወት መጣ፤ በሁለት የመሳቢያ ቋሚዎች መካከል ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነውና የጉልበት ልካችሁን እዚህ ላይ አትርሱ። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የስካንዲኔቪያ ሥራ ደግሞ ቲክ እንጨት፣ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ እግርና ጥቂት መሳቢያ ነው።

ምርጫው የእኔ ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ይህን የመጨረሻውን እመክራለሁ። ቀላል ነው፣ ጉልበት አያስጨንቅም፣ በየትኛውም ክፍል ሳይጮህ ይቀመጣል፣ በየቀኑ ቢሠሩበትም «ይበላሽብኝ ይሆን» የሚል ሥጋት አያሳድርም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ግን ከመጠቀም ይልቅ መጠበቅን ይጠይቃል።

4. አሮጌውን ገልብጣችሁ መርምሩ

የእጅ ባትሪ፣ ሜትርና ትንሽ ማግኔት ያዙ። የዕቃው እውነተኛ ታሪክ ያለው ቫርኒሽ ባልነካው ጀርባና ሆድ ላይ ነው። ሻጩ መሳቢያ ማውጣት ከከለከላችሁ አትግዙ።

መሳቢያዎቹን ሁሉ አውጡና የፊቱና የጎኑ እንጨት የተገናኙበትን ማዕዘን እዩ። ጥርስ በጥርስ የተጠላለፈው መገጣጠሚያ በእጅ የተቆረጠ ከሆነ ጥርሶቹ ጥቂትና መጠናቸው ትንሽ ትንሽ የሚለያይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሠራተኛው በመርፌ መሰል መሣሪያ ያሰመረው ቀጭን መስመርም ይታያል። ሁሉም ጥርሶች ፍጹም እኩል ከሆኑ በማሽን የተቆረጡ ናቸው፤ ይህም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ያለ ሥራ መሆኑን ይጠቁማል። ጥርስ ጭራሽ ከሌለውና በምስማር ወይም በሽቦ ብቻ ከተያዘ ርካሽ ሥራ ነው፤ ቢያምርም መሳቢያው አንድ ቀን ፊቱን ይጥላል።

ቀጥሎ ብሎኖቹ። ጫፋቸው የሾለ በማሽን የተሠሩ ብሎኖች የተስፋፉት ከ1840ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ጫፋቸው ደነዝ፣ አናታቸው ላይ ያለው ስንጥቅም ብዙ ጊዜ ከመሃል ያፈነገጠ ነው። አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን ግን ገበያ የገባው በ1930ዎቹ ነው። እንዲህ ያለ ብሎን «የ1850 ዕቃ» በተባለ ጠረጴዛ ላይ ካገኛችሁ ወይ ቆይቶ ተጠግኗል ወይ ዕድሜው ውሸት ነው። አንድ ብሎን ብቻውን አይፈርድም፤ ሌሎቹ ምልክቶች ከማን ጋር እንደሚስማሙ እዩ።

ሆዱና ጀርባው ላይ የመጋዝ ፍንጭ ፈልጉ። ቀጥ ያሉ ጭረቶች የእጅ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ መጋዝ ሥራ ናቸው፤ ቅስት ጭረቶች የክብ መጋዝ ናቸው፣ እነርሱም በብዛት የሚታዩት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። ጀርባው ኤምዲኤፍ ወይም ችፑድ፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝና ፍርፋሪ በማጣበቂያ የተጨመቀ ሰሌዳ፣ ከሆነ ስለ ጥንታዊነት ማውራት አያስፈልግም።

መስታወቱና ጠረጴዛው አብረው የተወለዱ መሆናቸውን አረጋግጡ። ሻጮች የአንዱን መስታወት ከሌላው ጠረጴዛ ጋር ማጋባት ይወዳሉ። የሁለቱን ጀርባ በባትሪ አነጻጽሩ፤ የእንጨቱ ዓይነት፣ የጠቆረበት መጠንና የብሎን ቀዳዳዎቹ መግጠም አለባቸው። ጥቅም የሌለው ባዶ ቀዳዳ ካለ ጠይቁ። በመሳቢያው የውስጥ ፊት ላይ የተደፈነ ቀዳዳ ካያችሁ እጀታው ተቀይሯል ማለት ነው። ማግኔቱን ወደ እጀታው አስጠጉ፤ ከያዘ ከላዩ ነሐስ መሳይ ቢሆንም ሥሩ ብረት ነው። ይህ ጠረጴዛውን አያስንቅም፣ ዋጋ ለመከራከር ግን ያገለግላል።

ነቀዝ ወይም የእንጨት ትል ካለ በእግሮቹና በጀርባው ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ቀዳዳው አሮጌ ከሆነ ውስጡ ጠቁሯል። ከሥሩ እንደ ዱቄት ያለ ነጣ ያለ ብናኝ የሚረግፍ ከሆነ ግን ትሉ ሕይወት አለው፤ ሳይታከም ቤት አይግባ፣ ከሌሎች የእንጨት ዕቃዎችም ይራቅ። በመጨረሻ ሁለቱን ጠርዞች ይዛችሁ በዝግታ ወዝውዙት፤ ትንሽ የሚላወስ እግር ይጠገናል፣ የተሰነጠቀ እግር ግን ባለሙያ ይፈልጋል።

5. አሮጌውን መስታወት በጥንቃቄ ያዙ

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የመስታወት ጀርባ በቆርቆሮና በሜርኩሪ ቅይጥ ይለበጥ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1835 ብርን በኬሚካል መስታወት ላይ የማስቀመጥ ዘዴ አገኘ፤ ሆኖም የሜርኩሪው ሥራ ወዲያው አልቆመም። ስለዚህ በጣም አሮጌ፣ ፈዘዝ ያለና ወደ ግራጫ የሚያደላ መስታወት ካገኛችሁ ጀርባውን አትፋቁ፣ አትጠቡ፣ አታሞቁ። ከሥሩ የብር ጠብታ የመሰለ ነገር ካያችሁ በቫኪዩም ለማንሳት አትሞክሩ፤ ክፍሉን አናፍሱና ባለሙያ ጥሩ።

ምስሉ ትንሽ የሚዋዥቅ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ፍጹም ለጥ ያለው የዛሬ መስታወት የመጣው በ1959 ይፋ ከሆነው የእንግሊዙ ኩባንያ የፒልኪንግተን ዘዴ በኋላ ነው፤ የቀለጠውን መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ አንሳፎ የመሥራት ዘዴ ማለት ነው። ጥቁር ነጠብጣብ የጣለ አሮጌ መስታወት ለኩል አይመች ይሆናል፤ ያም ሆኖ አውጥቶ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። ባለበት ይቆይና ለዕለት ሥራ ጥርት ያለ ትንሽ የጠረጴዛ መስታወት ከፊቱ አቁሙ። የግድ መቀየር ካለበት አሮጌውን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከጠረጴዛው ጋር አስቀምጡት።

ስታጸዱ ፈሳሹን መስታወቱ ላይ አትርጩ። በፍሬሙ ጠርዝ ሰርጎ ጀርባውን ይበላል፤ ዳር ዳሩ የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጨርቁ ላይ ጥቂት አድርጋችሁ ጥረጉ።

6. አዲስ ከሆነ

እዚህ ነገሩ አጭር ነው። የሰሌዳው ውፍረት 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ጠርዙ በሙሉ የታሸገ ይሁን፣ መሳቢያው እስከ መጨረሻ ሲሳብ አይንጋደድ። ችፑድና ኤምዲኤፍ ማጣበቂያቸው ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ ሊለቅ ስለሚችል፣ ልቀቱ ዝቅተኛ መሆኑን የሚያሳየው ኢ1 የተባለ ደረጃ ወይም ከዚያ የተሻለ ያለውን ምረጡ፤ ካርቶኑን ስትከፍቱም መስኮት ከፍታችሁ ለጥቂት ቀናት አናፍሱት።

ስትገጣጥሙ ብሎኖቹን መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ ብቻ አስገቡ። ከዚያ ከጀርባ በኩል ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ሲሆኑ ጠረጴዛው ቀጥ ብሏል፣ አሁን አጥብቁ። የጀርባውን ሰሌዳ የምትመቱት ከዚህ በኋላ ነው። ቀጭን ቢመስልም ጠረጴዛውን ከመወዛወዝ የሚይዘው እርሱ ነውና አትዝለሉት።

7. አሮጌውን አጽዱ፣ ጥቂት ብቻ ጠግኑ

የብዙ ጥሩ ጠረጴዛ ሞት የብርጭቆ ወረቀት ነው። የዘመናት እጅ ያለሰለሰው ፊት አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። በአርት ዲኮ ዕቃዎች ላይ ያለው የእንጨት ልባስ ደግሞ በጣም ስስ ነው፤ ትንሽ ፋቅ ሲያደርጉት ሥሩ ያለው ርካሽ እንጨት ይገለጣል። የተቀባ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ አሜሪካ የእርሳስ ቀለምን ለቤት አገልግሎት የከለከለችው በ1978 ነው። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ መፋቅ አቧራውን መተንፈስ ስለሆነ፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት አይሞከርም።

በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፉ፤ ከዚያ በጥቂት ለዘብተኛ ሳሙና እርሶ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ አሳልፉበት፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተከተሉት። ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ቫርኒሹ የተበላሸ ከሆነ መጀመሪያ ምንነቱን እወቁ። በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ አልኮል አድርጉ። ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሼላክ፣ ማለትም ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራ በአልኮል የሚሟሟ ቅብ፣ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃዎች ላይ የተለመደው ይኸው ነው። አልኮል ካልነካው በቲነር ሞክሩ፤ ከቀለጠ ከ1920ዎቹ ወዲህ የተለመደው ላከር የተባለ ቶሎ የሚደርቅ ቅብ ነው። ሁለቱም ካልነኩት ፖሊዩሬቴን የተባለው ፕላስቲክ መሰል ቅብ ወይም የዘይት ቫርኒሽ ሊሆን ይችላል። ሼላክ ለጥገና ደግ ነው፦ አዲሱ ሼላክ አሮጌውን ትንሽ አቅልጦ ስለሚዋሐደው ሳይፋቅ ይታደሳል።

የሚጣበቅ መሳቢያ ካለ ከታች የሚንሸራተትበትን ጠርዝና ሐዲዱን በደረቅ ሻማ እሹት። ሳሙና እርጥበት ስለሚስብ ሻማ ይሻላል። የሚሸት መሳቢያ ከሆነ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ ከሰል ወይም ቤኪንግ ሶዳ በሳህን አድርጋችሁ ለጥቂት ቀናት ዝጉበት። ሽታው እንቢ ካለ የውስጡን ጥሬ እንጨት ብቻ በስሱ ሼላክ ቀቡት፤ ሽታውን ያሽገዋል።

የተነሳ የእንጨት ልባስ በአሮጌ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የተጣበቀው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በተቀቀለ ኮላ ነው። ይህ ኮላ በሙቀት መልሶ ይለሰልሳል። የታጠፈ ጨርቅ አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ክብደት ጫኑበት። ካውያው ሼላኩን ሊያነጣው ስለሚችል በዳር ሞክሩ። ካልያዘ በቀጭን ቢላ የእንጨት ኮላ ከሥሩ አስገቡና የማይጣበቅ ወረቀት ጣል አድርጋችሁ እስከ ማግሥቱ በሞርሳ እሰሩት። የላላ እግር ወይም በርጩማም እንዲሁ ይፈታል፣ አሮጌው ኮላ በሞቀ ውኃ ይጸዳል፣ በአዲስ ኮላ ይገጠማል። ምስማር አትምቱበት፤ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ ለቀጣዩ ጠጋኝም መንገድ ይዘጋል።

8. መብራቱን ከሁለት ጎን ትከሉ

ከጣሪያ የሚወርድ መብራት ከቅንድብ፣ ከአፍንጫና ከአገጭ ሥር ጥላ ይጥላል። ለዚህ ነው በደንብ የተዋበ የመሰለው ፊት ውጭ ሲወጣ ሌላ የሚሆነው። መስታወቱን ግራና ቀኝ ሁለት መብራቶች ይዘውት ይቁሙ፤ ከፍታቸው ከዓይን ጋር እኩል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የአምፖሉ ካርቶን ላይ ሁለት ቁጥር አንብቡ። የቀለም ሙቀቱ ከ3000 እስከ 4000 ኬልቪን ሲሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል፤ 2700 ቢጫ ስለሚያደርግ ፋውንዴሽን ሲመረጥ ያሳስታል። ሌላው ሲአርአይ የሚባለው ሲሆን ከ90 በላይ ይሁን፤ የቆዳን እውነተኛ ቀለም የሚያሳየው እርሱ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማሟላት የምትችሉ ከሆነ ሲአርአዩን ምረጡ።

በመስታወቱ ዙሪያ አምፖሎች የተደረደሩለት ዘመናዊ ሥራ የምትገዙ ከሆነ ኤልኢዲ መሆኑንና ብርሃኑ የሚቀነስ የሚጨመር መሆኑን አረጋግጡ። አሮጌ ጠረጴዛ ላይ መብራት ለመትከል ግን እንጨቱን አትብሱ፤ የሚቆም ወይም ግድግዳው ላይ የሚሰቀል መብራት ይበቃል።

9. እሰሩት፣ ፊቱን ጠብቁት

ትልቅ መስታወት ያለው ጠረጴዛ ክብደቱ ከላይ ነው፤ ሁለት መሳቢያ አብረው ሲሳቡ ወይም ልጅ ሲንጠለጠልበት ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል። ከጀርባው ላይ ጠንካራ ማሰሪያ አድርጋችሁ በፊሸርና በብሎን ከግድግዳው ጋር ያዙት። በውኃ ልክ አይታችሁ ወለሉ ካልተስተካከለ ከእግሩ ሥር ስስ ነገር አስገቡ፤ የተንጋደደ ጠረጴዛ መሳቢያው በራሱ ይከፈታል።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ማለትም አሴቶን፣ ላከርን በቅጽበት ያቀልጣል፣ ሼላክንም ያበላሻል። ሽቶ ውስጥ ያለው አልኮልም የሼላክን ፊት ያነጣል። ስለዚህ በጠረጴዛው ልክ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የተሞረደ መስታወት አስቆርጡና በማዕዘኖቹ ላይ ትናንሽ ግልጽ ጎማዎች አድርጋችሁ አስቀምጡበት፤ በቀጥታ ከተጫነ እርጥበት ከሥሩ ይታፈናል። ፊቱ እብነ በረድ ከሆነ ሎሚም ኮምጣጤም አይንካው። የሚሞቀውን የፀጉር መተኮሻ ደግሞ ሙቀት በሚችል ምንጣፍ ላይ ብቻ አስቀምጡ፤ ሽቦው ከመሳቢያ ጋር እንዳይጣበቅ ከጀርባ በኩል አሳልፉት፣ ሲጨርሱም ከሶኬቱ ይነቀል።

በየቀኑ የምትነኩትን ነገር ብቻ ላዩ ላይ ተዉት፤ ሌላው ወደ መሳቢያ ይግባ። ከባዱን ጠርሙስ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አድርጉት።